የበሩ ውሃ ልክ

ጥቅምት 4

ለተከበሩ አጎቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ለጤናዎ እንደምን አሉ? ያሉበት አገር ብርዱም ሙቀቱም ይመጥንልዎ፤ የሚሠራ እጅዎ አይድከም። እኛ ደህና ነን።

ይህን የምጽፍልዎ የእህትዎ ልጅ ነኝ። ሲሄዱ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ አሁን ሃያ ስድስት ሞልቶኛል። የአባቴን የእንጨት ሥራ ቤት የማንቀሳቅሰው እኔ ነኝ። ሴት አናጢ ብለው የሚስቁ ነበሩ፤ ያዘዙት ቁም ሳጥን ሲደርስላቸው ይተዉታል። አድራሻዎን ያገኘሁት እማዬ ዘንድ ካሉት ፖስታዎች ጀርባ ላይ ነው።

ልጽፍልዎ ያስገደደኝ በሩ ነው። የድሮው በር የእጅ ጋሪ እንጂ ሌላ አያስገባም። አሁን የጭነት መኪና በኋላ ማርሽ ገብቶ ጣውላ የሚያራግፍበት፣ አምስት ሜትር ስፋት ያለው ተንሸራታች የብረት በር ላስገባ ነው። ችግሩ ውሃው ነው። ዝናብ በዘነበ ቁጥር በበሩ ሥር እየገባ ወለሉን ያጥለቀልቀዋል። አሸዋ በጆንያ ሞልተን እንደረድራለን፣ አያግደውም። ማሽኖቹን ጡብ ላይ ሰቅለን ነው የምንሠራው። እዚህ ያማከርኳቸው ግንበኞች አንዱ ጎማ አድርጊበት አለኝ፤ ሌላው ደፉን ከፍ አድርገሽ ሥሪ አለኝ። ደፉ ከፍ ካለ መኪናው በየት በኩል ሊገባ ነው? እርስዎ ትልልቅ መጋዘኖች ወለል ላይ እንደሚሠሩ ሰምቻለሁና፣ ወለሉ በሩ ጋ እንዴት መሆን እንዳለበት ይንገሩኝ። የሚቀጥለው ክረምት ሳይመጣ መጨረስ አለብኝ።

እማዬ ደህና ናት። ሰላም ትልዎታለች።

አክባሪዎ፣
የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 6

የእህቴ ልጅ፣ የእኔ አናጢ፣

እንደምን ከርመሻል? መጋዝሽ አይደንዝ፣ ጣቶችሽ አሥር ሆነው ይቆዩልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ግን ጠዋት ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ያዛጋል። ወለል ሠራተኛ ዕድሜውን የሚቆጥረው በጉልበቱ ነው።

ደብዳቤሽን ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ አውቶቡስ ውስጥ አነበብኩት፣ ከዚያ ክፍሌ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ አነበብኩት። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ እርስዎ አትበይኝ። አዝዬሽ የዞርኩ ሰው ነኝ፤ ትከሻዬ ላይ ያደረግሽውንም አልረሳሁም።

ወደ በሩ እንምጣ። በስልክ ብትጠይቂኝ አልመልስልሽም ነበር። ልክ በስልክ አይነገርም፤ አንዱ የሚለው ሌላ፣ አንዱ የሚሰማው ሌላ ነው። በወረቀት ይሻላል።

ውሃ ሰነፍ ነው። ዝቅ ያለ ቦታ ካገኘ ሌላ ቦታ ልሂድ አይልም። አንቺም ዝቅ ያለውን ቦታ ደጅ አዘጋጂለት። በመጀመሪያ የውስጡ ወለል ከውጪው ከፍ ይበል። በሩ የሚያርፍበት መስመር ደግሞ ከውስጡ ወለል ሁለት ጣት ዝቅ ይበል፤ በሩ ሲዘጋ የታችኛው ጫፉ እዚያች ዝቅታ ውስጥ ይረፍ። ንፋስ ውሃውን እየገፋ ቢያመጣው እንኳ ሁለት ጣት መውጣት አለበት፣ አይወጣም። ከበሩ ውጪ ያለው አርማታ በየሜትሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ወደ ደጅ ያዘንብል። ከዚያ ወዲያ ቦይ፤ ላዩ ፍርግርግ፤ ርዝመቱ ከበሩ በግራም በቀኝም ግማሽ ግማሽ ሜትር ይለፍ። ጎማው የመጨረሻው ነገር ነው፤ የተበላሸ ወለልን ጎማ አያድነውም።

እዚህ ባልደረቦቼ በቋንቋቸው "ደፉ" ይሉኛል። ሌላው ሰው የወለሉን መሐል ይሠራል፣ በሩ ጋ ሲደርስ እኔን ይጠራኛል። ሠርቼ ስጨርስ ባልዲ ውሃ እደፋበትና ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

ንገሪኝ እስቲ፤ የውስጡ ወለል ከደጁ በስንት ይበልጣል? ደግሞ በሩ ሥር፣ በቀኝ በኩል ሦስት የለስላሳ ቆርኪዎች አሉ ወይ? ወለሉን የሠራሁ ቀን አንቺ ነሽ አምጥተሽ እርጥቡ ላይ ክተትልኝ ያልሽው። እህቴ አይታ ሁለታችንንም ተቆጣችን።

እትዬ ሰላም ትልዎታለች ብለሻል። እትዬ ለእኔ ሰላም ብላ አታውቅም። ከልጅነቴ ጀምሮ የምትለኝ ሌላ ነው፤ እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ ቀሚሷን ይዤ ስከተላት ነው ያደግሁት። እስቲ ምን ትለው ነበር ብለሽ ጠይቂያት።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 20

ለአጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ይማርልዎ። አንተ ለማለት ሞክሬ ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ፣ ጊዜ ይስጡኝ።

ለካሁት። የውስጡና የደጁ ወለል እኩል ነው። አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ ልዩነት የለውም፤ ጋሪው ሳይነቃነቅ ነው የሚወጣው የሚገባው። ቆርኪዎቹን በሚገባ ፈለግሁ፤ ጠረግሁት፣ በብረት ብሩሽም ፋቅሁት። የሉም። ምናልባት ሌላ ቤት ይሆናል።

ደብዳቤዎ ሲመጣ እማዬ ደጅ ነበረች። የፖስታውን ጽሑፍ አይታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና የታጠበ ዕቃ እንደገና ማጠብ ጀመረች። ያሉትን ጠየቅኋት፤ አልሰማችኝም፣ ወይም እንዳልሰማች ሆነች። ግራ ጆሮዋ ስለሚደክም የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ሰላም ትልዎታለች ያልኩት እኔ ነኝ። ደብዳቤ እንደዚያ ስለሚጻፍ ነው የጻፍኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ስለ አባቴ ምንም አልጠየቁኝም። እኔም አልጻፍኩም።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 11

የእህቴ ልጅ፣

እንደምን አለሽ? ዘገየሁ። ታምሜ አይደለም፤ ሥራም በዝቶብኝ አይደለም። "እኩል ነው" የምትለዋን ቃል አንብቤ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ አንድ ወር ሙሉ መሳቢያውን አልከፈትኩም። ካልሲዎቼ እዚያ ነበሩ፤ አዲስ ገዛሁ።

እንግዲህ ልንገርሽ። ልሄድ ሦስት ቀን ሲቀረኝ ነው ያንን ወለል የሠራሁት። አባትሽ መጣና "በሩ ጋ ውሃ ልክ አድርግልኝ" አለኝ። ውሃ ልክ ለእኛ መሣሪያው ነው፤ በእሱ የተለካ ማለት ደግሞ ዝንፍ የማይል ጠፍጣፋ ማለት ነው። እኔ ግን "ለውሃው የሚሆነውን ልክ አድርግ" ያለኝ መሰለኝ። ሁለት ጣት ዝቅ አደረግሁ፣ ደጁን ወደ ውጪ አዘነበልኩ፣ ቆርኪዎችሽን ከተትኩ። እንደዚያ ነው የማስታውሰው።

ከሁለት ወር በኋላ ጎረቤታችሁ የነበረው የሒሳብ ሹም ጻፈልኝ። ወለሉ በሩ ጋ ከደጁ እኩል ስለነበረ ጎርፉ ገባ፤ አባትሽም ውሃው ውስጥ ቆሞ መጋዙን ሲያስነሳ ኤሌክትሪክ ያዘው ይላል። እኩል። ያኔ ራሴን ጠረጠርኩ። ቸኩዬ ነበር፣ ልቤ ከወዲሁ ሄዷል፤ እጄ ያደረገውንና አደርገዋለሁ ብዬ ያሰብኩትን ቀላቅዬው ይሆናል። መሣሪያውን አስቀምጬ ጠፍጣፋ አድርጌው ይሆናል። ተመልሼ እንዳላይ ሩቅ ነኝ። ለእትዬ ጻፍኩ፣ አልመለሰችም። በየስድስት ወሩ ጻፍኩ። ደወልኩ፣ ድምፄን ስትሰማ ዘጋችው።

አሁን አንቺም ለካሽው፤ እኩል ነው። ቆርኪዎቹም የሉም። ስለዚህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያስታወስኩት የሆነውን ሳይሆን የተመኘሁትን ነው። አባትሽን የገደለው የእኔ ወለል ነው። እዚህ እያንዳንዱ በር ጋ ባልዲ ውሃ የምደፋው ለዚህ ነው።

ንድፉን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። የውስጡንና የውጪውን አርማታ አንድ ላይ አታፍስሺ፤ መለያያው በበሩ መስመር ላይ ይሁን፣ ወደ ውስጥ አይግባ። ዱሮ የሠራሁትን አፍርሺው። እጅሽ አይራራለት።

ከእትዬ ይቅርታ አልጠብቅም። አንድ መስመር ብቻ በእጇ ትጻፍልኝ። ስድብም ቢሆን እወስደዋለሁ።

አጎትሽ


መጋቢት 17

አጎቴ፣

ይህን ቁጭ ብለህ አንብበው።

ባለፈው ማክሰኞ አፍራሾቹን ይዤ ወለሉን ጀመርን። በሩ ሥር ስንደርስ ድሪሉን የያዘው ሰውዬ ቆመና "ይሄ የተለጠፈ ነው" አለኝ። በመሮ ገፋ ሲያደርገው እንደ ቅርፊት ተላጠ፤ ቀለሙም ከሌላው ይለያል፣ ነጣ ያለ ነው። በእጄ እያነሳሁ ጣልኩት። ከሥሩ ሌላ ወለል አለ። የለሰለሰ፣ ጫፉ በገመድ የተሰመረ የመሰለ፣ ዝቅ ያለ። ሁለት ጣቴን አስገባሁ፤ ልክ ሁለት ጣት ነው። ደጁም ያዘነብላል። በቀኝ በኩል ሦስት ቆርኪዎች አሉ። ዝገዋል፣ ግን አሉ።

አጎቴ፣ አንተ ሠርተኸዋል። የሞላው ሌላ ሰው ነው።

እማዬን ጠራኋት። መጥታ ቆመች፣ አየችው። ጣውላ ላይ ቁጭ አለች። ሳልጠይቃት ነው የተናገረችው።

"ጋሪው እዚያ ጋ ሲደርስ እየተንገጫገጨ ወገቤን ይቆርጠኝ ነበር። ሙላልኝ አልኩት። እሑድ ቀን ሞላልኝ" አለች።

ያ እሑድ አባቴ ከመሞቱ በፊት ሦስት ሳምንት ነበር። ዝቅታዋንም፣ የደጁንም ተዳፋት፣ በስሚንቶ ሞልቶ እኩል አደረገው። እሷ እንዳይከብዳት ብሎ።

ታዲያ ለምን በአጎቴ ላይ አላከክሽው አልኳት። እኔ አላልኩም፣ የሒሳብ ሹሙ ነው የጻፈው፣ እኔ ዝም ነው ያልኩት አለችኝ። ለምን ዝም አልሽ አልኳት። 

"እሱ ሩቅ ነው፣ አይሰማውም ብዬ" አለችኝ።

ደብዳቤዎችህን አሳየችኝ። ሠላሳ ስምንት ናቸው። አንዱም አልተከፈተም። ምን እንደሚሉ አውቃለሁ፣ ይቅርታ ነው የሚለምነኝ፣ ያላጠፋ ሰው ይቅርታ ሲለምን በምን ዓይን ይነበባል አለችኝ።

ተናድጄባታለሁ። ሁለት ቀን አላናገርኳትም። በሦስተኛው ቀን ከአልጋ አልነሳም አለች። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል፣ ቆይቷልም ይላል። አትበላም። ለሚጠይቃት ሁሉ ባሌን የገደልኩት እኔ ነኝ ትላለች፤ ላልጠየቃትም ትናገራለች፣ ወተት ለሚያመጣው ሰው ሳይቀር። ምን እንደማደርግ አላውቅም። ከንዴቴ ጋር ሆኜ ነው የማጎርሳት።

ጽፈህ የለመንካትን መስመር ጠየቅኋት። እጄ አይችልም አለች።

ልጅህ፣ የእህትህ ልጅ


ሚያዝያ 15

ልጄ፣

አንተ አልሽኝ። አየሁት።

ደብዳቤሽን አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ አነበብኩት። አውቶቡሴ ሦስት ጊዜ መጥቶ ሄደ። ለአራተኛው ሰዓቱ አለፈና በእግሬ ተመለስኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? አላጠፋህም ተብያለሁ። ግን ምን እንደተሰማኝ ልንገርሽ፤ ያ ሁሉ ዓመት የት ይግባ? የምወዳት ሴት ነበረች፤ እኔ ሰው ቤት የማፈርስ ሰው ነኝ ብዬ ተውኳት። ሰው ቤት ስጠራ ደፉን አይቼ ነው የምገባው። እትዬ ዝም ያለችው ጠልታኝ ነው ብዬ ስንት ሌሊት አለቀስኩ። ለእሷ አንድ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ክፉ ደብዳቤ። በነጋታው ቀደድኩት። ቀድጄም ቆጨኝ፤ እንደገና ጻፍኩት፣ እንደገና ቀደድኩት።

አሁን በስተመጨረሻ የጻፍኩላት ከዚህ ጋር ነው። በቀኝ ጆሮዋ በኩል ቁጭ ብለሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላት።

የአዲሱን ደፍ የውስጥ ጫፍ እንደ ድሮው ቀጥ አታድርጊው። አንድ ክንድ ከውስጥ ጀምረሽ ቀስ እያልሽ አውርጂው። ዝቅታዋ ሁለት ጣት እንደሆነች ትቀራለች፤ የጋሪ ጎማ ግን አይሰማውም። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ውሃው የት ድረስ እንደደረሰ ጻፊልኝ።

ለሐምሌ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። እትዬ ና ካለች እመጣለሁ።

አጎትሽ


እትዬ፣

እንደምን አለሽ? ጤናሽ ይመለስ፣ እግርሽ ይጽና። ይኸው ስታሳድጊኝ ያስተማርሽኝን ፊደል ይዤ መጣሁ።

ልጅሽ የነገረችኝን ሰማሁ። ባሌን የገደልኩት እኔ ነኝ ትያለሽ አሉ። እትዬ፣ ስለ ወለል አንቺ ነሽ የምታውቂው ወይስ እኔ? ስሚኝ። ያንን ዝቅታ ስሠራ ጫፉን ቀጥ አድርጌ ቆርጬዋለሁ። ቸኩዬ ነበር። ዛሬ አንድ ተማሪ እንደዚያ ሠርቶ ባየው አስፈርሰዋለሁ። በር ማለት ሰውም ጋሪም የሚያልፍበት ነው፤ ውሃ ብቻ አይደለም የሚታሰበው። ጫፉን አንድ ክንድ አዘንብዬው ቢሆን ኖሮ ጋሪሽ አይንገጫገጭም ነበር፤ ወገብሽ አያምሽም፤ ሙላልኝ አትይውም። የሠራሁት ለውሃው ልክ ነበር፣ ለአንቺ ግን ልክ አልነበረም። ጋሪውን ማን እንደሚገፋ እያወቅሁ ነው የረሳሁት።

ስለዚህ ዝም ማለትሽ ትክክል ነበር። ጥፋቱ ካለበት ቦታ ነው ያስቀመጥሽው። እኔ ደግሞ ለምጄዋለሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይዤው አልወደቅሁም። አንቺ ይኸው በአንድ ወር አልጋ ላይ ጣለሽ። መልሽልኝ። የእኔ ነው።

በይ አሁን፣ ተነሺና ብዪ።

ወንድምሽ


ሰኔ 22

አጎቴ፣

ውሃው የት እንደደረሰ ጠይቀኸኝ ነበርና ከእሱ ልጀምር።

ሰኔ 14 ቀን ከሰዓት በኋላ ዘነበ። እንዲህ ያለ ዝናብ ካየሁ ቆይቻለሁ፤ ከሰው ጋር ተጯጩኸን ነው የተነጋገርነው። መንገዱ ጎርፍ ሆነ። ጎርፉ ግቢውን ሞልቶ ወደ በሩ መጣ። ተዳፋቱ ጋ ሲደርስ ቀዘቀዘ፣ ብዙው ፍርግርጉ ውስጥ ገባ። ንፋሱ የገፋው በሩ ሥር ደረሰ፣ ዝቅታዋ ውስጥ ትንሽ ተኛና ተመልሶ ወጣ። ወደ ውስጥ አንድ ጠብታ አልገባም።

ሥራ ቤቱ ውስጥ ከመቶ የማያንስ ሰው ነበር። ቤታችን ስለማይበቃ እዚያ ነበር ያስቀመጥናቸው። ማሽኖቹን ወደ ግድግዳ ገፍተን፣ ጣውላ በጡብ ላይ አጋድመን አግዳሚ አደረግንላቸው። ሳጥኑ በሩ አጠገብ ነበር፣ መሬት ላይ። ራሴ ነኝ የሠራሁት፤ ለማንም አልሰጥም አልኩ። ዝናቡ እስኪያባራ ሁለት ሰዓት ጠበቅን። እማዬን ስናነሳት የሳጥኑ ሥር ደረቅ ነበር። በእጄ ዳስሼ አይቻለሁ።

ልደውልልህ ሦስት ጊዜ ስልኩን አንስቻለሁ። ልክ በስልክ አይነገርም ብለኸኛል። አስከፋኸኝ፣ ግን እውነትህን ነው፤ ይሄም አይነገርም።

ደብዳቤህ ደርሶላታል። እንዳልከው በቀኝ በኩል ቁጭ ብዬ አነበብኩላት። ስጨርስ ሳቀች። "ሲዋሽ ዙሪያውን ይዞራል፤ ልጅ ሆኖም እንዲሁ ነበር" አለች። ከዚያ ድገሚልኝ አለች። ደገምኩላት። ለሦስተኛ ጊዜ ሳነብ መልሽልኝ የሚለው ጋ አስቆመችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ማታ ግማሽ ሳህን በላች። ደፉን እንዳልከው አዘንብለን ሠርተን አርማታው በደረቀ ማግስት በእኔ ትከሻ ተደግፋ አዲሱን ወለል ልታይ ወረደች፤ ጋሪውን አምጪ አለችኝ። ባዶውን ጋሪ እየገፋች ወጣች፣ እየገፋች ገባች። ጎማው አይሰማም። እንደገና ወጣች፣ እንደገና ገባች። በቃ እናቴ ትደክሚያለሽ እስክላት ድረስ።

በዚያ ቀን እስኪርቢቶ አምጪልኝ አለች። ከዚህ ጋር ያለው ወረቀት እሱ ነው። አንድ መስመር ብለህ ነበር፣ መስመር አልሞላላትም፤ አንድ ቃል ላይ እጇ ደከመ። ቀሪውን ነገ አለች። ነገ ነገ እያለች ዘጠኝ ቀን ኖረች። እኔ ደግሞ ቃሉ አልገባኝም ነበርና ምን ማለት ነው አልኳት። ቀሚሷን ከኋላ ይዛ አሳየችኝ። እንዲህ ይዞኝ ስለሚዞር ነው ጭራዬ የምለው አለች።

ና ብላለች ወይ ብትለኝ፣ በአፏ አላለችም። ወረቀቱ ያው እጅህ ላይ ነው፣ አንተው አንብበው።

ለሐምሌ የጠየቅኸውን ፈቃድ አትመልሰው። ስትመጣ ማታም ቢሆን በሩን ክፍት አደርግልሃለሁ። ደፉን ጎንበስ ብለህ እንዳታይ፤ እኔ አይቼዋለሁ። ሻንጣህን እየጎተትክ ዝም ብለህ ግባ። አይንገጫገጭም።

ልጅህ